ሥጋ የሌለው የቡርጎኝ ወጥ ስሙ ይገባዋልን?

በቅኔ ቤት ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማየት ከለመደ በኋላ የሚያስቸግረው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ስም ለነገሩ በምን ምክንያት እንደሚሰጥ ነው። አንዱ ስም ከባሕርይ ይወጣል፤ አንዱ ከግብር ይወጣል፤ አንዱም ከአገር ይወሰዳል። መምህራን ይህን ጥያቄ ሲያመላልሱት የኖሩት በመላእክትና በሰው ስም ላይ ነው እንጂ በወጥ ስም ላይ አልነበረም። ዳሩ ግን በፈረንሳይ አገር ይኸው ጥያቄ ከወጥ ቤት ተነሥቶ እስከ ዳኞች ወንበር ደርሷል። ሥጋ መብላት የተዉ ሰዎች በቡርጎኝ አውራጃ ስም የሚጠራውን የበሬ ሥጋ ወጥ በእንጉዳይና በአትክልት እየሠሩ በቀድሞው ስሙ ቢጠሩት «ይህ ሐሰት ነው» የሚል ተነሣባቸው፤ ሌላው ደግሞ «ሐሰት እንኳ ባይሆን ምኞት ነው» አላቸው። ሁለቱ ክሶች አንድ ስላልሆኑ መልሳቸውም ለየብቻ ሊታይ ይገባዋል። (ከዚህ በታች የሚጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሞ ወጡን ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረንሳዮች ቤፍ ቡርጊኞን ይሉታል፤ ቤፍ በሬ፣ ቡርጊኞንም የቡርጎኝ ማለት ነው። ቡርጎኝ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ፣ የዲዦን ከተማ ያለችበት፣ በቀይ ወይን ጠጁና ሻሮሌ በሚባሉት ነጫጭ ከብቶቹ የታወቀ አገር ነው። ወጡም የሁለቱ ጋብቻ ነው። ከትከሻና ከጉንጭ የሚወጣው ጠንካራ የበሬ ሥጋ ተቆራርጦ በስብ ይጠበሳል፤ ጠይም ሲሆንም ቀይና ነጭ ሽንኩርት ካሮትም ይጨመርበታል፤ ጥቂት ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ቀይ ወይን ጠጅና የሥጋ መረቅ ይፈስበታል፤ ጦስኝና የሎሬል ቅጠል በአንድነት ታስሮ ይገባበታል፤ ከዚህ በኋላ በለዘብተኛ እሳት ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል። በመጨረሻም ለብቻቸው የተጠበሱ ትንንሽ ሽንኩርቶችና እንጉዳይ፣ ከዚህም ጋራ የእሪያ ጮማ ቁራጭ ይታከልበታል። እንግዲህ ይህ ወጥ ለኢትዮጵያ ክርስቲያን በፍስክ ቀን እንኳ ቢቀርብለት እጁን የሚያስመልሰው የበሬው ሥጋ ሳይሆን የእሪያው ጮማ ነው። ያለ ሥጋ የተሠራው ግን ስሙ ባዕድ ቢሆንበትም ምግቡ አያስደነግጠውም።

ይህ ወጥ ከጥንት ጀምሮ አንዳች ያልተለወጠ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ኦጉስት ኤስኮፍዬ የተባለው የታወቀው የፈረንሳይ የወጥ ቤት ሊቅ በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ ሥጋው አንድ ትልቅ ብልት እንደ ሆነ ሳይቆራረጥ ይበስላል። አሜሪካዊቱ ጁሊያ ቻይልድ ከሁለት ፈረንሳውያት ጋራ ሆና በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን በየጉርሻው ተቆራርጦ ይሠራል፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቀውም እንደዚህ ያለው ነው። በኤስኮፍዬ ማዕድ የተቀመጠ ሰው የቻይልድን ወጥ ቢያይ «ሌላ ነው» ሊል ይችል ነበር፤ ስሙ ግን ሳይነቀፍ ተላልፏል። ከዚህም ሌላ በዚያው በቡርጎኝ እንቁላል በቀይ ወይን ጠጅ ስጎ እየተሠራ ይበላል፤ ቀንድ አውጣም ከቅቤና ከነጭ ሽንኩርት ጋራ ተሠርቶ «በቡርጎኝ ሥርዓት» ይባላል። ስለዚህ ቡርጊኞን የሚለው ቃል የአገርና የአሠራር ስም እንጂ የበሬ ስም አይደለም። የበሬው ስም ቤፍ የሚለው ነው። «እንጉዳይ በቡርጎኝ ሥርዓት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚጠየቅበት ዕዳ የለበትም። በእንጉዳይ ወጥ ላይ «ቤፍ» ብሎ የሚጽፍ ግን የባሕርዩን ስም ከባለቤቱ ወስዶ ለሌላ ሰጥቷልና መልስ ይፈለግበታል።

አሁን ደግሞ ሥጋው ሲወገድ የሚጎድለው ምን እንደ ሆነ ማየት ነው፤ ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ይህንን ነውና። ሥጋ ለወጥ የሚሰጠው የሚታኘክ ነገር ብቻ አይደለም። በጠንካራው ሥጋ ውስጥ ኮላጅን የሚባል ጅማት መሰል ነገር አለ፤ ለረጅም ጊዜ በቀስታ ሲበስል ይሟሟና ጀላቲን ይሆናል፤ ወጡ ከከንፈር ላይ የሚጣበቀውና የሚወፍረው በዚህ ነው። ሁለተኛው ጠይም እስኪሆን ሲጠበስ የሚያወጣው መዓዛ ነው፤ ይህንም ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 መርምሮ ገልጦታል፤ በጠይም ዳቦ ቅርፊትና በተቆላ ቡና ላይ የሚታየውም ከዚሁ ወገን ነው። ሦስተኛው ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከባሕር ሣር አውጥቶ ያሳየው፣ ጨውም ጣፋጭም ኮምጣጣም መራራም ያልሆነው፣ መረቅን መረቅ የሚያሰኘው ጣዕም ነው። የሥጋ ብቻ ሀብት ነው ተብሎ ይታሰብ የነበረው ይህ ጣዕም በመጀመሪያ የተለየው ከባሕር ሣር መሆኑ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሥጋ የሌለውን ወጥ በሚገባ የሚሠራ ሰው እነዚህን ሦስቱን ከሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት። እንጉዳይ ከመቶው ዘጠና እጅ ያህሉ ውኃ ነውና በጠባብ ድስት አጨናንቆ የጣለው ሰው ይቀቅለዋል እንጂ አይጠብሰውም፤ በሰፊ መጥበሻ ጥቂት በጥቂት እየተደረገ ውኃው እስኪደርቅና ጠይም እስኪሆን ከተጠበሰ በኋላ ለብቻው ይቀመጣል። ሽንኩርቱና ካሮቱ በወይራ ዘይት በቀስታ ይቁላላሉ፤ የቲማቲም ድልህ ይገባና ቀለሙ እስኪጠቁር ይታሻል፤ ዱቄቱም ይነሰነሳል። ወይን ጠጁ ከገባ በኋላ እኩሌታው እስኪቀር መፍላት አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ሹልነቱ አይለቅም። በሥጋው መረቅ ፈንታ ደረቅ እንጉዳይ የተዘፈዘፈበት ውኃና ጥቂት ሶያ ሶስ ይገባል፤ የኢኬዳ ጣዕም ከሁለቱም ይገኛል። ሦስት ሰዓት ማብሰል አያስፈልግም፤ የሚሟሟ ጅማት ስለሌለ አርባ ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ ካሮቱ ይፈርሳል። የጀላቲኑን ውፍረት ግን የሚተካ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዳንዱ ምስር ይጨምርበታል፤ አንዳንዱም ሽንኩርቱን አብዝቶ እስኪሟሟ ያቁላላል። የኢትዮጵያ ባልቴት ግን ለዚህ መምህር አያስፈልጋትም፤ ሽንኩርት ብዙ ሆኖ በትዕግሥት ሲቁላላ ወጥን እንደሚያወፍር፣ ሽሮም ያለ ሥጋ ድስቱን እንደሚሞላ የፈረንሳይ መጽሐፍ ሳታነብ ታውቀዋለች።

በእንጉዳይ ፈንታ የስንዴ ሊጥ በውኃ ታጥቦ የሚቀረውን የሚለጠጥ ነገር፣ ወይም ከአኩሪ አተር በመሣሪያ የተሠራውን የሥጋ ክር የሚመስለውን የሚጠቀሙም አሉ። የስንዴው ጥበብ በቻይና ገዳማት ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የሚናቅ ሙያ አይደለም። ሆኖም በዚህ ወጥ ላይ እንጉዳዩ ይሻላል፤ ምክንያቱም እንጉዳይ በጥንቱም ወጥ ውስጥ ስለ ነበረ፣ ባዕድ ሆኖ የመጣ ሳይሆን በማዕዱ ጥግ ተቀምጦ የነበረ ባለ አገር ወደ ከፍተኛው ስፍራ እንደ ተጠራ ሆኖ ይታያል።

የመጀመሪያው ክስ የሐሰት ክስ ነበረ። የፈረንሳይ መንግሥት በ2022 ስቴክን የመሳሰሉ የሥጋ ስሞች ከዕፅዋት ለተሠራ ምግብ እንዳይሰጡ ደንብ አወጣ፤ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። በ2024 ሁለተኛ ደንብ ወጣ፤ እርሱም ታገደ። በዚያው ዓመት በሉክሰምበርግ የተቀመጠው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ አንድ መንግሥት ለምግቡ በሕግ የተወሰነ ስም ሳይደነግግ የተለመዱትን ስሞች በጅምላ ሊከለክል አይችልም፤ ገዢ እንዳይታለል የሚጠብቅ ሕግ ቀድሞም አለ ሲል ፈረደ። በ2025 መጀመሪያ የፈረንሳዩ ፍርድ ቤት ደንቦቹን ሻራቸው። ስለ ወተት ግን ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2017 የፈረደው በሌላ መንገድ ነበር፤ ወተት፣ ቅቤና አይብ የሚሉት ስሞች ከእንስሳት ለሚገኘው በሕግ የተወሰኑ ስለ ሆኑ ከዕፅዋት ለሚወጣው ለገበያ ስም ሊሆኑ በጠቅላላው አይገባም አለ። የሚያስደንቀው የፈረንሳይ ወጥ ሠሪዎች በመካከለኛው ዘመን መጽሐፍ ለውዝ የሚለውን የአልሞንድን ፍሬ ወቅጠው የሚያወጡትን ነጭ ጭማቂ ያለ አንዳች ሐፍረት ወተት ሲሉት መኖራቸው ነው።

የዳኞቹ ቃል ለገበያ የሚበቃ ሊሆን ይችላል፤ የኅሊና ጥያቄ ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። በኦሪት ዘፍጥረት ስለ ማስመሰያ ወጥ የሚናገር ታሪክ አለ። ይስሐቅ ሸምግሎ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ከዔሳው አደን የሚሠራ መብል ወደደ፤ ርብቃ ግን ከመንጋው ሁለት የፍየል ጠቦቶች አስመጥታ እርሱ እንደሚወደው አድርጋ ሠራች፤ ያዕቆብም ይዞ ገባ። ይስሐቅ በላ፤ ምላሱም የዱሩን እንስሳ ከቤቱ ፍየል አልለየችም። እንግዲህ በደሉ በወጡ ላይ ነውን? ጠቦቱ ንጹሕ መብል ነው፤ የርብቃም ሙያ ለብቻው ሲታይ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ሐሰቱ የገባው ያዕቆብ አባቱ ሲጠይቀው ራሱን በወንድሙ ስም በጠራ ጊዜ ነው። ወጡ ዝም ብሎ ነበር፤ የዋሸው አፍ ነው። ርብቃ የፍየል ወጥ መሆኑን ተናግራ ብታቀርበው ኖሮ፣ ይስሐቅ አደን የሚያህል ፍየል ብሎ አድንቆ ይበላ ነበር እንጂ በኋላ የሚንቀጠቀጥበት ነገር ባልኖረ። (በእነዚሁ ወንድማማቾች መካከል ብኵርናን ያህል ነገር የተሸጠበት የቀደመው ወጥ ደግሞ የምስር ወጥ ነበረ፤ ሥጋ የሌለው ወጥ ዋጋ የለውም የሚሉ ይህን ዘንግተውታል።)

ስለዚህ ማስመሰል ሁሉ ሐሰት ተብሎ አይፈረድበትም። ሠዓሊ በግድግዳ ላይ አንበሳ ሲሥል ማንም ሐሰተኛ አይለውም፤ የሚያየው ሰው ሥዕል መሆኑን ያውቃልና። ሐሰት የሚሆነው ተመልካቹ እንዳያውቅ ሲደረግ ነው።

ሁለተኛው ክስ ከዚህ የከበደ ነው። ይህ ክስ የሚለው፣ ሥጋን ትቻለሁ የሚል ሰው ሥጋ የሚመስል ነገር ለመሥራት ይህን ሁሉ የሚደክም ከሆነ በእጁ ተወው እንጂ በልቡ አልተወውም ነው። ይህ ክስ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከዓመቱ ቀኖች እኩሌታውን በሚያህለው ጊዜ ከሥጋና ከወተት የሚከለከል ሕዝብ፣ በዐቢይ ጾም የሽምብራ ዓሣ የሚባል ምግብ ይሠራል። የሽምብራው ዱቄት ይቦካና በዓሣ አምሳል ይቆረጣል፤ አንዳንዲቱም ሴት ዓይንና ቅርፊት ታደርግለታለች፤ በዘይት ተጠብሶ በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ይገባል። በምዕራባውያን ዘንድም በ15ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በተጻፉ የወጥ ቤት መጻሕፍት ውስጥ፣ ለጾም ጊዜ በባዶ የእንቁላል ቅርፊት የአልሞንድ ገንፎ ሞልቶ አስኳሉን በሳፍሮን ቢጫ የማድረግ ዘዴ ይገኛል። በፈረንሳይ በሩዋን ከተማ ካቴድራል ካሉት ግንቦች አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ የቅቤ ግንብ ይባላል፤ በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የፈለጉ ሰዎች በከፈሉት ገንዘብ ተሠራ ስለሚባል ነው። ከሁለቱ ቢመረጥ፣ እንቁላሉን ከአልሞንድ የሠራው ወጥ ሠሪ ይሻላል፤ እርሱ የደከመው ጾሙን ለመጠበቅ ነው፤ የግንቡ ሰዎች የደከሙት ከጾሙ ለመውጣት ነው።

ጥብቆቹ አባቶች በዚህ ነገር የሚያነሡት የእስራኤልን በምድረ በዳ ማጉረምረም ነው። የግብፅን መብል ተመኝተው አለቀሱ፤ ድርጭትም ወረደላቸው፤ በዚያም የምኞት መቃብር የሚባል ስፍራ ቀረ። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን በሙሉ ሊነበብ ይገባዋል። እነዚያ ሰዎች ያለቀሱት ለሥጋና ለዓሣ ብቻ አልነበረም፤ ለዱባና ለሽንኩርት፣ ለነጭ ሽንኩርትም ጭምር ነበረ። ሰው በሽንኩርት ምኞት ሊበድል ይችላል ማለት ነው፤ ምኞት የሚመዘነው በሚመኘው ነገር ዓይነት ሳይሆን በምኞቱ ልክ ነው። የሽምብራ ዓሣ የምትሠራ እናት ልጆቿን በረጅሙ ጾም ደስ ልታሰኝ ብትሻ፣ በማዕዱ ዙሪያ ካሉት አንድም የተታለለ የለም፤ ሁሉም ሽምብራ መሆኑን ያውቃል፤ ጨዋታውም ከዚህ አያልፍም። የጾሙ ምግብ ከፍስኩ ካልተለየ ብሎ ገበታ የሚገፋ ሰው ግን፣ የገባበት ከዕፅዋት የተሠራ ቢሆንም፣ ጾሙ ሊያስተምረው የመጣውን ሳይማር ይፈስካል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚነገረው ስለሚጾም ሰው ነው። በፈረንሳይ ይህን ወጥ ያለ ሥጋ የሚሠሩት አብዛኞቹ ጿሚዎች አይደሉም፤ ክሱ የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ነው። ጿሚ ሥጋን የሚተወው ሥጋ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ መልካሙን ነገር ለጊዜው ትቶ ሰውነቱን ሊገራ ነው፤ ፋሲካም ሲደርስ ይበላዋል። ስለዚህ ለጿሚ ምኞቱ ራሱ የተጋድሎው ስፍራ ነው። ሌላው ግን፣ በ1944 በእንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰን ከጥቂት ወዳጆቹ ጋራ ማኅበር ካቆመ ወዲህ ቪጋን የሚባለው፣ ሥጋን የሚተወው እንስሳው እንዳይታረድ ብሎ ነው። ስለ ምድር አየር ብሎ የሚተወውም አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 ባወጣው ግምት፣ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ከመቶ 14.5 እጅ የሚሆነው ከእንስሳት እርባታ የሚመጣ ነው። ለእነዚህ ሰዎች በደሉ በቢላዋው ላይ ነው እንጂ በምላሱ ላይ አይደለም። ጣዕሙን ቢወዱት የተዉትን አልካዱም፤ በሬው በሕይወት አለና። አሳባቸውን የማይቀበል ሰው በመታረዱ ጉዳይ ይከራከራቸው፤ ምኞታችሁ አልሞተም ብሎ ግን ሊከሳቸው አይችልም፤ ምኞታቸውን እንገድላለን ብለው አልተነሡምና። አንዱ ወጥ በአንዱ ድስት ሳለ ለሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ጥያቄ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከክርክር ወደ ኑሮ ሲወርድ የሚታየው በማዕድ ላይ ነው። በዲዦን የምትኖር አንዲት እናት ትታሰብ፤ በየእሑዱ ልጆቿን የምትሰበስበው በዚህ ወጥ ነው፤ እርሷም የተማረችው ከእናቷ ነው። አንዱ ልጅ ሥጋ ተወ። ለብቻው ሰላጣ ብታቀርብለት ይጠግባል፤ ነገር ግን ከእናቱ ድስት ወጥቷል፤ ወንድሞቹ የሚጠሩትን ስም እርሱ አይጠራም። ሰው ከወገኑ ጋራ የሚበላው ምግቡን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ነው። ስለዚህ ይህች እናት እንጉዳዩን በዚያው ወይን ጠጅ፣ በዚያው ጦስኝ ሠርታ በዚያው ስም ብትጠራው፣ ልጇን ወደ ማዕዷ መመለሷ ነው እንጂ በሬውን መስደቧ አይደለም። ስሙ በዕለቱ ከበሬው ይልቅ ለልጁ ያስፈልጋል።

ይህን የኢትዮጵያ ሰው በቶሎ ያስተውለዋል። እስላምና ክርስቲያን በአንድ መንደር ለቅሶና ሠርግ ሲካፈሉ የሚለያያቸው የታረደው ሥጋ ነው፤ ለእያንዳንዱ ባራኪው ሌላ ነውና ድስቱም ሌላ ይሆናል። ሽሮና ምስር በቀረበ ጊዜ ግን ሁሉም ከአንድ መሶብ ይቆርሳል። የቡርጎኙ የእንጉዳይ ወጥ ይህን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ሥጋው ቢወጣለትም ወይን ጠጁ አለበትና እስላሙን ከደጅ ይመልሰዋል። በወይን ጠጁ ፈንታ የወይን ጭማቂና ኮምጣጤ የሚያደርጉ አሉ፤ ያ ወጥ መልካም ሊሆን ይችላል፤ የቡርጎኝን ስም ለመሸከም ግን የአገሩ ዋና ነገር ስለሚጎድለው ከበሬው መጉደል ይልቅ ይህኛው ስሙን ይጎዳዋል።

በማዕድ ላይ የሚነሣ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ሥጋ በሊታውን ወንድም ሳይነግሩ እንጉዳዩን አብልተው፣ ካመሰገነ በኋላ «ሥጋ አልነበረም» ብለው የሚስቁ አሉ። መልካም ነገር ያስተማሩት ይመስላቸዋል። እነዚሁ ሰዎች አንድ ሰው ሳይነግራቸው ሥጋ ቢያበላቸውና ቢስቅ ዕድሜ ልካቸውን ይቀየሙታል። ሁለቱ በክብደት እኩል አይደሉም፤ አንደኛው የሰውን ቃል ኪዳን ያፈርሳል፤ ሌላው ግን ኩራቱን ብቻ ይነካል። ወገናቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ይስሐቅን በጨለማ አስቀምጠው የሚያበሉ ናቸው። ከዚህም በላይ የአኩሪ አተር፣ የስንዴ ወይም የእንጉዳይ ምግብ የማይስማማው፣ በልቶም የሚታመም ሰው ስላለ፣ ያለ መንገር ጉዳት ከኩራት አልፎ ወደ ሰውነት ይደርሳል።

መናገር የሚገባው ግን እስከ ምን ድረስ ነው? ወይን ጠጅ ከጉሽነቱ ጠርቶ እንዲታይ ወይን ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የእንቁላል ነጭ፣ ወይም ከወተት የሚወጣ ካዜን፣ ወይም ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ሙጫ ይጨምሩበታል፤ ጉሹን ይዞ ወደ ታች ይወርድና ጥሩው ከላይ ይቀዳል። ቤንቶናይት በሚባል የሸክላ አፈር የሚያጠሩም አሉ፤ ምንም ሳይጨምሩ በጊዜ ብዛት እስኪጠራ የሚጠብቁም አሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በሬውን አስወጥቶ፣ እሪያውን አስወጥቶ፣ ቅቤውን በወይራ ዘይት ለውጦ ሲያበቃ እንቁላሉ ከጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ጠጅም ስለዚህ ነገር ምንም አይናገርም። ያችም የዲዦን እናት ለልጇ እውነቱን ልትነግረው ብትወድ፣ እሑድ ከመድረሱ በፊት ወደ ወይን ሻጩ ሄዳ በምን እንዳጠራው ትጠይቀዋለች፤ የማያውቅ እንደ ሆነም ከሌላው መደርደሪያ ሌላ ጠርሙስ ታወርዳለች።